መጤ ማን ነው? ስለ ወንዝ ጥበቃና ስለ ቃል ኃላፊነት

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባደረገው የረጅም ዘመን ትግል ካዳበራቸው ችሎታዎች መካከል ብዙ ያልተዘመረለት የመጠበቅ ችሎታ ነው። አራሹ ተዘፍኖለታል፤ ለአርበኛው ሐውልት ቆሞለታል፤ ግድብና ድልድይ የሠሩ እጆች በሥዕልና በግጥም ተወድሰዋል። ማማ ላይ አድሮ የማሽላ ማሳ የሚጠብቀው፣ ከወንዝ ዳር ቆሞ ውኃው ምን ይዞ እንደ መጣ የሚመለከተው፣ ያየውንም ሳያበዛና ሳያሳንስ የሚናገረው ሰው ግን በኪነ ጥበባችን ውስጥ ያለው ስፍራ ጠባብ ነው። ምክንያቱም የጠባቂ ድል አይታይም። ጠባቂው ሥራውን በሚገባ ከሠራ ውጤቱ አንዳች ነገር አለመድረሱ ነው፤ ላልደረሰ ጥፋት ደግሞ መታሰቢያ የሚያቆም የለም።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ ከዚሁ የሚነሣ ነው። ወደ ውኃችንና ወደ መሬታችን የሚገቡትን ወራሪ ዝርያዎች ነቅቶ መከታተል የባለሙያ ተግባር ብቻ ነው ወይስ የሞራል ግዴታም ጭምር? ግዴታ ከሆነስ ወሰኑ የት ላይ ነው? አረምን ለመጠበቅ የተሳለው ዓይን ወደ ሰው የሚዞረው መቼና እንዴት ነው? ጥያቄው የሚጠናው ከባሕር እጅግ ርቃ በምትገኝ ምድር፣ በመተማ ቆላ በሽንፋ ዳር ቆመን ነው።

ወንዝ እንደ መንገድ

ሽንፋ ከጣና በስተ ምዕራብ ካሉት ደጋዎች ተነሥቶ ወደ ቆላው የሚወርድ ወንዝ ነው፤ በስሙ የሚጠራ መንደርም አለ። ወንዙ የሱዳንን ጠረፍ እንደ ተሻገረ ራሃድ ተብሎ ይጠራል፤ በመጨረሻም ከጥቁር ዓባይ ጋር ይገናኛል። በክረምት ሞልቶ ይፈስሳል፤ በበጋ ግን ተቆራርጦ የኩሬዎች ሰንሰለት ይሆናል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለገባሮቹም ይሠራል። ወንዝ ውኃ ብቻ አይደለም፤ መንገድም ነው። ግንድ፣ ደለል፣ ዘር፣ ዓሣና በሽታ በዚያው መንገድ ይጓዛሉ።

የሽንፋ መንገድነት ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት አሳይቷል። በጆን ካፐልማን የተመራው የተመራማሪዎች ቡድን «ሽንፋ-መተማ 1» ብሎ በሰየመው ስፍራ የዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ የኖሩ ሰዎችን አሻራ አግኝቷል። በዚያው ንብርብር ውስጥ በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ከፈነዳው ከቶባ እሳተ ገሞራ የመጣ፣ በዓይን የማይታይ የመስተዋት ብናኝ ተገኝቷል። የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ሲመረመር ወቅቱ ድርቅ የበረታበት እንደ ነበረ ያመለክታል። የነዋሪዎቹ ምላሽ ግን ሞትን መጠበቅ አልነበረም፤ ወንዙ ተቆራርጦ በቀሩት ኩሬዎች ውስጥ ዓሣ በብዛት እያጠመዱ ኖረዋል፤ አንዱ ኩሬ ሲያልቅበት ወደሚቀጥለው አልፈዋል። ተመራማሪዎቹ እንደዚህ ያሉ ወንዞች የሰው ልጅ ከአፍሪካ ለወጣበት ጉዞ «ሰማያዊ ጎዳና» ሆነው አገልግለው ሊሆን እንደሚችል አመልክተዋል።

ከዚህ ተጨባጭ ማስረጃ የሚወጣው ፍልስፍናዊ ቁም ነገር ቀላል አይደለም። በዚህ ጎዳና ላይ ከማንም በፊት ተንቀሳቃሽ ሆኖ የተገኘው ሰው ነው። ስለዚህ «መጤ» የሚለውን ቃል በሽንፋ ዳር ቆሞ የሚናገር ሰው ሁሉ እግሩ ያረፈው በመንገደኞች አሻራ ላይ መሆኑን ማስታወስ ይገባዋል።

ቋንቋችንም ይህንኑ ይመሰክራል። ባሕር ያላየው የደጋ ገበሬ ከሩቅ ለመጡት ተክሎች ስም ሲያወጣ ባሕርን ጠርቷል። በ1880ዎቹ ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባውን ዛፍ «ባሕር ዛፍ» አለው። ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ የደረሰንን በቆሎ በጎንደርና በጎጃም «የባሕር ማሽላ» ሲል ሰየመው። ከዚያው አህጉር የመጣውን በለስ ደግሞ «ቁልቋል ባሕር» ብሎ ጠራው። እነዚህ ስሞች ስድብ አይደሉም፤ ፍርድም አይደሉም። የመምጫ መዝገብ ናቸው። ሕዝቡ ያደረገው የመጀመሪያው ክትትል ይኸው ነው፤ ከየት እንደ መጣ አስታወሰ፤ ከዚያም ምን እንደሚያደርግ ለማየት ታገሠ።

የትንሹ ነገር ጊዜ

ይሁንና ትዕግሥት ሁልጊዜ በጎ አይደለም። በዓለም የባሕር ጠረፎች ላይ የደረሱ ሁለት ታሪኮች ይህን በጉልህ ያሳያሉ። መርከብ ጭነት ሲያራግፍ ሚዛኑን ለመጠበቅ የባሕር ውኃ ይቀዳል፤ ሌላ ወደብ ደርሶ ጭነት ሲቀበል ያንን ውኃ ይደፋል። ከውኃው ጋር እጭና ዘር ከውቅያኖስ ወደ ውቅያኖስ ይሻገራሉ፤ በመርከቡ ሆድ ላይ ተጣብቀው የሚጓዙም አሉ። ችግሩ እየከፋ በመሄዱ የሚዛን ውኃን የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2004 ተፈርሞ በ2017 በሥራ ላይ ውሏል። የባሕር በር ባይኖራትም የራስዋ የንግድ መርከቦች ላሏት ለኢትዮጵያም ጉዳዩ ባዕድ አይደለም።

የመጀመሪያው ታሪክ የሞናኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ካውለርፓ የተባለ የሞቃት ባሕር አልጌ በሞናኮ ጠረፍ ታየ። ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ነበር። አንድ ጠላቂ በእጁ ነቅሎ ሊጨርሰው የሚችል መጠን ነው። ከየት መጣ፣ ማን አመጣው፣ ጥፋቱስ የማን ነው የሚለው ክርክር ለዓመታት ሲጦፍ አልጌው ግን ክርክሩን አልጠበቀም፤ ወደ ፈረንሣይ፣ ወደ ጣሊያንና ወደ ስፔይን ጠረፎች ተስፋፋ። ሁለተኛው ታሪክ የአውስትራሊያዋ ዳርዊን ወደብ ነው። በመጋቢት 1999 እ.ኤ.አ. ጠላቂዎች በጀልባ ማቆሚያ ገንዳ ውስጥ ባዕድ የሆነ ቅርፊት ለበስ እንስሳ በብዛት ተጣብቆ አገኙ። ከወራት በፊት በዚያው ስፍራ በተደረገ ቅኝት አልነበረም፤ አለመኖሩም ተመዝግቦ ነበር። ስለዚህ ገና አዲስ መሆኑ ወዲያው ታወቀ። ገንዳዎቹ ተዘግተው በክሎሪንና በመዳብ ሰልፌት ታከሙ፤ በሳምንታት ውስጥም ወራሪው ጠፋ። በገንዳዎቹ ውስጥ የነበሩ ሌሎች ሕያዋንም አብረው ሞተዋል፤ ያለ ዋጋ የተገኘ ድል አልነበረም።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሀብት ልዩነት ብቻ አይደለም። ዳርዊን ላይ «ምንም አልተገኘም» የሚል ቃል በቀኑና በቦታው የጻፈ ሰው ነበር። ያ ባዶ መስመር ነው ወደቡን ያዳነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ እምቦጭን እናገኛለን። የትውልድ ስፍራው የአማዞን ተፋሰስ የሆነው ይህ ተክል በኢትዮጵያ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ መታየቱ ከተመዘገበ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። ጎረቤታችን ሱዳንም በነጭ ዓባይ ላይ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ታውቀዋለች። በጣና ሐይቅ ላይ መስፋፋቱ በይፋ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2011፣ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ የደንቢያ፣ የጎንደር ዙሪያ፣ የሊቦ ከምከምና የፎገራ ገበሬዎች ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ እየገቡ ያደረጉት ትግል በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው። መረቡ በአረም የተጠላለፈበት ዓሣ አጥማጅ፣ ከብቱ የሚግጥበት ዳርቻ የተወሰደበት አርቢ የከፈሉት ዋጋ በመዝገብ ተሰልቶ አያልቅም።

እዚህ ላይ ቀላል ስሌት እንሥራ። እምቦጭ በተመቸው ስፍራ ስፋቱን በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ያደርጋል። አንድ ካሬ ሜትር አረም በየ14 ቀኑ እጥፍ ይሆናል ብንል፣ ከስድስት ወር በኋላ 8,192 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር በታች ይሆናል። አንድ ቀበሌ በአንድ ሳምንት ሊያነሣው የሚችል ነው። ዓመቱ ሲሞላ ግን 67 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እርግጥ ነው፣ ነፋስ፣ ማዕበል፣ የምግብ እጥረትና ወቅት ስለሚገቱት ተፈጥሮ ይህን ስሌት እንዳለ አትፈጽመውም። ስሌቱ የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው። የብዛት ለውጥ ወደ ዓይነት ለውጥ የሚሸጋገርበት ደረጃ ለዓይን የሚገለጠው ካለፈ በኋላ ነው። በዓመቱ አጋማሽ «ከአንድ ሄክታር በታች ነውና አያሰጋም» ያለ ኃላፊ በቁጥሩ አልዋሸም፤ በጊዜው ላይ ግን ተሳስቷል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነው።

ዘመቻና ክትትል

በዚህ ረገድ በተለይ ለካድሬዎች የሚቀርብ ቁም ነገር አለ። አገራችን በዘመቻ የዳበረ ልምድ አላት። ዘመቻ ሕዝብን ያንቀሳቅሳል፤ ዘፈን አለው፤ መፈክር አለው፤ የሚነገር ውጤት አለው። «ይህን ያህል ሄክታር ተነቀለ» ተብሎ ሪፖርት ይቀርባል። ይሁን እንጂ የተነቀለው ብዛት የቀረውን አይናገርም። የእምቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ለብዙ ዓመታት መቆየት ይችላል፤ የተቆራረጠ ግንዱም ተንሳፍፎ ሌላ ዳርቻ ላይ ሊበቅል ይችላል። ስለዚህ ከዘመቻው ቀን ይልቅ ከዘመቻው በኋላ ያለው ዝምተኛ ዓመት ይበልጥ ወሳኝ ነው።

ክትትል የራሱ ሥነ ምግባር አለው። አንደኛው ጽናት ነው፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ወር፣ በዚያው መለኪያ መመልከት። ሁለተኛው ባዶውን መመዝገብ ነው፤ «አልታየም» የሚለው ቃል ሥራ አለመሥራት ሳይሆን ራሱ ሥራ ነው። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ ለቁጥር ታማኝ መሆን ነው። በጀት የሚፈልግ ሰው ቁጥሩን ለማበዛት ይፈተናል፤ ምስጋና የሚፈልግ ደግሞ ለማሳነስ። ሁለቱም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ወንዙን ለበላይ አካል ማስደሰቻ ያደርጉታል። በግርጌ የሚኖረው ሕዝብ ግን የሚጠጣው ሪፖርቱን ሳይሆን ውኃውን ነው።

ክትትልን የሞራል ግዴታ የሚያደርገውም ይኸው ነው። የላይኛው ሰው የሚያየውን የታችኛው ሰው አያይም። ሽንፋን የሚመለከት የመተማ ተማሪ ራሃድን ለሚጠጣ የሱዳን ገበሬ ዓይን ነው። ጣናን የሚመለከተው ዓሣ አጥማጅ ዓባይ ወርዶ ለሚገባበት ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ ዓይን ነው። ዛሬ የሚጻፈው መስመር ደግሞ ገና ላልተወለደው ዓይን ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሊያውቀው የሚችለውን አደጋ፣ ሌላው ሳያውቅ የሚሸከመው ከሆነ፣ መናገር ችሮታ መሆኑ ቀርቶ ዕዳ ይሆናል።

አረምና ሰው

እስካሁን ጠባቂውን አወደስን። አሁን ደግሞ ልንጠይቀው ይገባል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ «መጤ» የሚለው ቃል በግብርና ቋንቋችን ውስጥ ተደላድሎ ተቀምጧል። «ወራሪ መጤ አረም» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ አገራችን የገባው የበቆሎ ተባይ «የአሜሪካ መጤ ተምች» ተብሎ ተሰይሟል። ይኸው ቃል ግን በሌላ አፍ፣ በሌላ ስብሰባ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ለመለየት ሲውል ሰምተናል። «መጤ» የተባለ ሰው ቤቱን ለቅቆ እንዲሄድ የተደረገባቸው አካባቢዎች በአገራችን የቅርብ ታሪክ ውስጥ ጥቂት አይደሉም። አንድ ቃል በጠዋት አረምን፣ በማታ ሰውን የሚጠራ ከሆነ፣ በአረሙ ላይ የተማርነው ጭካኔ በቃሉ ላይ ተጭኖ ወደ ሰው ይሻገራል። ቃልም እንደ ወንዝ ነው፤ ይዞ የሚመጣው አለ።

መተማ ይህን ጉዳይ በልዩ ትኩረት የምታይበት ምክንያት አላት። መጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የወደቁባት ምድር ናትና ጠረፍ መጠበቅ ምን ማለት እንደ ሆነ በደም ታውቃለች። በሌላ በኩል ግን ኑሮዋ የተመሠረተው በመምጣትና በመሄድ ላይ ነው። ሰሊጡንና ጥጡን የሚያርመውና የሚሰበስበው በየዓመቱ ከደጋ የሚወርደው የወቅት ሠራተኛ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም የሱዳንን ጦርነት የሸሹ እጅግ ብዙ ሰዎች በዚሁ በር ገብተዋል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ጠባቂነትና እንግዳ ተቀባይነት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ማደር አለባቸው። ሊያድሩ የሚችሉት ደግሞ መለኪያው ግልጽ ሲሆን ብቻ ነው።

መለኪያው ግብር እንጂ መነሻ ሊሆን አይገባም። የፎገራን ዳርቻ እንመልከት። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ በገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞከረ፤ ዛሬ ፎገራ የሚታወቀው በሩዙ ነው። እምቦጭም ሩዝም ለዚያች ዳርቻ እንግዶች ናቸው። አንዱ ውኃውን ዘጋ፤ ሌላው ውኃ የተኛበትን መሬት እንጀራ አደረገው። መምጣት የሁለቱም የጋራ ባሕርይ ከሆነ፣ ልዩነታቸውን ሊያስረዳ አይችልም። የአፋሩ ፕሮሶፒስ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ1970ዎቹ በመካከለኛው አዋሽ በረሃማነትን ለመግታት በበጎ አሳብ ተተከለ፤ ከዚያም የግጦሽ መሬቱን ወረረ። አርብቶ አደሮቹ በየጊዜው በሥልጣን ላይ በነበሩት ኃይሎች ስም «የደርግ ዛፍ»፣ «ወያኔ» እያሉ ጠሩት። በዚህ ስያሜ ውስጥ ከብዙ ጥናት የሚልቅ ማስተዋል አለ። ዛፉ በእግሩ አልመጣም፤ ያመጣው የሰው ውሳኔ ነው፤ ስለዚህም ተጠያቂነቱን ወደ ውሳኔ ሰጪው መለሱት።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ግብሩን እስክናይ ከጠበቅን የሞናኮ ዕጣ ይደርሰናል፤ ቅድመ ጥንቃቄ ማለት ከመነሻው መጠርጠር አይደለምን?» የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። ዘርን፣ አልጌን፣ ተምችን በመነሻው መጠርጠር ይገባል፤ በሌላ አገር የሠራውን አይተን በራችንን ልንዘጋበትም እንችላለን። ይህን ማድረግ የምንችለው ግን ዘር የሚጠየቅና የሚመልስ፣ ቃል የሚገባና የሚጸጸት፣ መብት የሚጠይቅና ግዴታ የሚቀበል ስላልሆነ ነው። የእምቦጭ ግብሩ በባሕርዩ ውስጥ ተወስኗል፤ ነገ ሌላ ሊሆን አይመርጥም። ሰው ግን የነገውን ከትናንቱ የተለየ ሊያደርግ የሚችል ፍጡር ነው። ስለዚህ በአረም ላይ ጥበብ የሆነው ቅድመ ፍርድ በሰው ላይ ሲውል ግፍ ይሆናል። ልዩነቱ የርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ የዕውቀትም ነው። ሰውን በመነሻው የሚመዝን ሰው ስለዚያ ሰው የሚያውቀው ነገር የለም።

ይህ ማለት ከሰው ጋር የሚጓዘውን አደጋ አናይም ማለት አይደለም። ካላዛር የተባለው በሽታ በአሸዋ ዝንብ አማካይነት የሚተላለፍ የመተማና የሑመራ ቆላ ሕመም ነው። ይበልጥ የሚጎዳውም ከደጋ የወረደውን የወቅት ሠራተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም ወረርሽኝ በታወቀ ጊዜ ተመራማሪዎች ምንጩን ከቆላ ከሚመለሱ ሠራተኞች ጋር አያይዘውታል፤ በመጀመሪያ በወባ ተጠርጥሮ ስለ ነበር ብዙዎች ጊዜ አልፎባቸዋል። ታዲያ የዚህ ታሪክ ፍርድ በማን ላይ ነው? ሠራተኛው ሕመሙን ዘርቶ አላመጣውም፤ ለሌላው ሰሊጥ ሲሰበስብ በሜዳ ላይ በመተኛቱ ያገኘው ነው። የጎደለው እርሱን ከመንገዱ ማገድ አልነበረም፤ ከመንገዱ ዳር መርምሮ የሚያክመው ነው። በእውነተኛ ጥበቃና በመፈረጅ መካከል ያለው መለያ እዚህ ላይ ይገኛል። ጥበቃ ማለት የሚታየው ሰው ራሱ ከመታየቱ ሲጠቀም ነው። መፈረጅ ግን የሚታየውን ሰው ለተመልካቹ ፍርሃት መሥዋዕት ያደርገዋል።

የእያንዳንዱ ድርሻ

ስለዚህ ምን እናድርግ? የመምህሩ ድርሻ የቀረበ ነው። በወንዝ ዳር ያለ ትምህርት ቤት ድልድዩን፣ የከብት ማጠጫውን፣ በበጋ የሚቀሩትን ኩሬዎችና መኪና ከጭነቱ ጋር ጭቃ የሚያራግፍበትን ስፍራ ቋሚ መመልከቻ ሊያደርጋቸው ይችላል። ቅንጨ አረም በጎማ ጭቃና በእህል ጆንያ እንደሚጓዝ፣ አንዱ ተክልም ከ10,000 በላይ ዘር ሊሰጥ እንደሚችል ተማሪው ይወቅ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምቱ እንደ ወጣና ወንዙ እንደ ተቆራረጠ፣ ያየውንና ያላየውን በቀን ይመዝግብ። ገጹ ባዶ ቢሆንም ባዶነቱ ይፈረምበት።

የካድሬው ድርሻ ያንን ደብተር ሳይነካው ማሳለፍ ነው። ቁጥሩ ለዕቅዱ ባይመች ዕቅዱን ይለውጥ እንጂ ቁጥሩን አይለውጥ። መዝገቡም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን ለወንዙ ሰዎች በስብሰባ ይነበብ፤ ሊነበብ የማይችል መዝገብ ጥበቃ መሆኑ ቀርቶ ስለላ ይሆናልና።

የጥበብ ሰው ድርሻ ከሁሉም ይረቅቃል። የቃላት ጠባቂ እርሱ ነው። አረም ሲሣል አረም ይሁን፤ የሰው ፊት አይሰጠው። ሰው በመድረክ ላይ ሲቀርብም የአረም ስም አይሰጠው። «ወረረን»፣ «ከሥሩ ይነቀል» የሚሉ ቃላት በእምቦጭ ላይ ሲነገሩ የሥራ ጥሪ ናቸው፤ በሕዝብ ላይ ሲነገሩ ግን ምን እንዳስከተሉ ትውልዳችን አይቷል። ደራሲ ብዕሩን ሲያነሣ ቃሉ ከየት እንደ መጣና ወደ ማን እንደሚሄድ ይጠይቅ፤ ይህም ክትትል ነው።

በመሠረቱ ውኃን በንጽሕና መጠበቅና ቃልን በንጽሕና መጠበቅ የአንድ ኅሊና ሁለት ተግባራት ናቸው። ሁለቱም በትንሹ ይበከላሉ፤ ሁለቱም ጉዳታቸው የሚታየው ከታች ነው። የሽንፋ ሕዝብ በሚቀጥለው በጋ ከኩሬዎቹ ዳር ቆሞ «ዘንድሮ አልታየም» ብሎ በእውነት ሊጽፍ ቢችል፣ ያች አጭር ዓረፍተ ነገር በራሃድ ዳር ለሚኖር፣ ስሙን ለማያውቀው ሰው የተላከች ወንድማዊ ሰላምታ ናት።